ሹም ሽር በካርሜ ጋት

የአሰልጣኝ ስንብት ሰኞን ይወዳል። ሉዊ ቫን ሃል እ.ኤ.አ. በ2016 የኤፍ ኤ ዋንጫን ቅዳሜ አንስቶ ሰኞ ከማንቸስተር ዩናይትድ ተሰናበተ። ቼልሲ ፍራንክ ላምፓርድን በ2021 የሸኘው ሰኞ ነው። ኤሪክ ቴን ሃግ ኦክቶበር 28 ቀን 2024፣ ሰኞ። ሩበን አሞሪም ጃንዋሪ 5 ቀን 2026፣ እሱም ሰኞ። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ ቅዳሜ ወይም እሁድ ነጥብ ይጣላል፣ ማታውን ባለቤቶቹ ይማከራሉ፣ ጠዋት «ላበረከተው አስተዋፅኦ እናመሰግናለን፣ መልካም ዕድል እንመኛለን» የምትል አጭር ደብዳቤ ትወጣለች። ደብዳቤዋን አንዴ ጽፈው ስሙን ብቻ እየቀየሩ የሚያወጧት ይመስለኛል።

ለለንደን ሰው ሰኞ የሥራ መጀመሪያ ነው። እስራኤል ውስጥ ግን ሥራ የሚገባው እሁድ ስለሆነ፣ የካርሜ ጋት ደጋፊ ሰኞ ላይ ሲደርስ አንድ ሙሉ ቀን ተከራክሮ፣ ሰድቦና ተሰድቦ፣ ጉሮሮው ደርቆ ነው። ዩናይትድ ከሊድስ አንድ ለአንድ የተለያየበት የአሞሪም የመጨረሻ ጨዋታም እሁድ ነበር። እዚህ ሰው ፈረቃ ላይ ነው። ያየው ቢኖር ስልኩን በውሃ ጠርሙስ አስደግፎ፣ አለቃ እስኪመጣ ድረስ የተገኘችውን ያህል ነው።

ካርሜ ጋት የኪርያት ጋት አዲሱ ሰፈር ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ይህ ሰፈር ግን ትናንት ከመሬት የወጣ ነው፤ ፎቆቹ ረጃጅም፣ ዛፎቹ ገና ድጋፍ የታሰረላቸው። ከድሮዎቹ ሰፈሮች ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ ወስደው የመጡ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉበት፤ አንዳንዶቹ ወላጆቻቸውንም ይዘው መጥተዋል። በረንዳዎቹን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ከልብስ ማስጫው ይረዳል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ከታች ሲታይ የአርሴናል ቀይ፣ የሊቨርፑል ቀይና የማንቼ ቀይ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሰኞ ነው፤ አሞሪም የተባረረ ሰኞ ከአንዱ በረንዳ ላይ ማሊያው በዝናብ ሲበሰብስ ውሎ የሚያነሳው ጠፋ።

ማታ የሄድኩት ሽማግሌ ዘመዶቼ ቤት ነው፣ ቡና ተፈልቶ። አባባ ከኳስ ዓለም የሚያውቋቸው ስሞች ሁለት ናቸው፤ በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ በሻምፒዮንስ ሊግ አያክስ ላይ ያገባው ባሩክ ዴጎ እና የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ኤሊ ዳሳ። አሰልጣኝ ግን አንድም አያውቁም። ቢሆንም ውጤት አያመልጣቸውም። ቅዳሜ ሻባት ስለሆነ ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ የልጅ ልጃቸው ክፍሉን ዘግቶ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ያያል። አባባ ሳሎን ተቀምጠው ኦሪታቸውን ያነባሉ። ግድግዳው ስስ ነው። «አህ!» ካለ ስተዋል፤ አልጋው ከተንቋቋ አግብተዋል፤ ረጅም ዝምታ ከሆነ ገብቶባቸዋል። ሻባት ወጥቶ መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሚሉት «ዛሬም አልቀናችሁም፣ አይደል?» ነው። እኔ ከብዙ የስፖርት ጋዜጠኛ ይልቅ የእርሳቸውን ዘገባ አምናለሁ።

ልጁ የማንቼ ነው፤ ጓደኛው የአርሴናል። ልጁ ወሬውን ያመጣው ጫማውን ሳያወልቅ ነው። «ሶፍ ሶፍ! በመጨረሻ አባረሩት!» አለ፤ ይኸው ልጅ በ2024 አሞሪም ሲመጣ የስልኩን ገጽ በሰውዬው ፎቶ የሸፈነ ነው። አባባ ከመጽሐፋቸው ቀና ብለው «ማንን?» አሉ። «አሰልጣኙን።» «ምን አድርጎ?» «ሦስት ተከላካይ እያሰለፈ።» አባባ ይህ ወንጀል መሆኑን ለማጣራት ወደ እኔ ዞሩ። አዎን፣ ትልቅ ክርክር ያለበት ነገር ነው አልኳቸው። ሰውዬው አሰላለፌን ጳጳሱም ቢመጡ አያስቀይሩኝም ብሎ ነበር፤ ጳጳሱ ስላልመጡ ባለቤቶቹ መጡ።

እማማ ከረከቦቱ ጀርባ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጆች አሉት?» አሉ።

ልጁ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ስለ አሞሪም የማያውቀው አልነበረም፤ ስፖርቲንግ ሊዝበን ላይ ስንት ዋንጫ እንዳነሳ፣ ዩናይትድን በ2024–25 ይዞ አሥራ አምስተኛ እንደወጣ፣ ቢልባዎ ላይ የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜ በቶተንሃም አንድ ለዜሮ እንደተሸነፈ፣ ሁሉን በቃሉ ይዞታል። ይህችን ግን ጠይቆ አያውቅም። «ይኖሩታል» አለ በመጨረሻ፣ ትንሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እማማ «አየ! እንግዲህ ትምህርት ቤት መቀየር ሊኖርባቸው ነው» ብለው ሲኒውን አቀረቡ። ስለ አሰልጣኝ መባረር ብዙ ትንታኔ ሰምቻለሁ፤ በጃንዋሪ አጋማሽ ትምህርት ቤት ስለሚቀይሩ ልጆች ያሰበ ተንታኝ ግን አልገጠመኝም።

አባባ በበኩላቸው ያሳሰባቸው የደመወዙ ነገር ነው። «ባዶ እጁን ነው የሸኙት?» አሉ። ቴን ሃግና ረዳቶቹ ሲሰናበቱ ክለቡ 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ እንደከፈለ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። እኛ ያደግነው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዋናውን የሚበሉት ሲሻሩ ነው። ሹም ሽርን የሚያህል ነገር ላይ አባቶቻችን ያላሰቡት መንገድ አለ ብሎ ማመን ለአባባ ቀላል አልነበረም። «ታዲያ ምኑን ተባረረ? ጡረታ ወጣ በሉት» አሉ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ደመቀ። የአርሴናሉ ልጅ ሲጠብቅ የነበረውን ዕድል አገኘ። «ትዕግሥት የላችሁም» አለ። «እኛ አርቴታን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ስምንተኛ ሲወጣ ታግሰነዋል።» እውነት ነው፤ አርሴናል በ2020ም በ2021ም ስምንተኛ ሆኖ ጨርሷል። የማንቼው ልጅ ግን የሚረሳ አይደለም። «አንተ ታግሰሃል? 'አርቴታ ይውጣ' ብለህ ማሊያህን ለወንድምህ የሰጠኸው ማን ነው?» አለው። ጓደኛው ማሊያው ጠቦት እንደነበረ አስረዳ።

ደጋፊ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ትዕግሥቱን የሚያስታውሰው ከተሳካ በኋላ ነው። አሌክስ ፈርጉሰንን በታሪክ የማይረሳ ታጋሽነት የጠበቀው የኦልድ ትራፎርድ ሕዝብ ነው ይባላል፤ ነገር ግን በ1989 መጨረሻ ላይ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ብቻ ነው፣ ደህና ሁን» የሚል አንሶላ የዘረጋው የራሱ ደጋፊ ነው። በማግስቱ ዓመት ዋንጫ መጣ፣ ከዚያ 13 የሊግ ዋንጫ። ሰውየው በ2013 በክብር ሲወርድ የተካው ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ፈረመ፤ በአሥር ወሩ ተሸኘ። እሱን ለማስወጣትማ አንሶላም አልበቃቸው፤ ገንዘብ አዋጥተው በስታዲየሙ ላይ ጽሑፍ የሚጎትት አውሮፕላን አበረሩ። አርሰን ቬንገር ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2018 ሲሄድ፣ «ቬንገር ይውጣ» የሚለው ጽሑፍ ኢምሬትስን አልፎ አፍሪካ ደርሶ ነበር፤ በኖቬምበር 2017 የሐራሬ ሕዝብ ሙጋቤ ይውረዱ ብሎ አደባባይ ሲወጣ ከመፈክሮቹ መሐል አንዱ ስለ ቬንገር ነበር። ያንን የያዘ ሰው እኔ ደስ ይለኛል። ሁሉንም ችግሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ ነው የወጣው።

«አሥራ አራት ወር» አሉ አባባ፣ የአሞሪምን ዕድሜ ሲነግሯቸው። «እኔ ወደዚህ አገር ለመምጣት ጎንደር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።» ይህንን ሲሉ ቤቱ ትንሽ ዝም አለ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል፤ የቤት ኪራዩ፣ የስም ዝርዝሩ፣ ሚያዝያ ላይ ትሄዳላችሁ የተባለው፣ ሚያዝያ የሄደው። ነገር ግን አባባ ወደዚያ አልገቡም። የተናገሩት የኳስ አስተያየታቸውን ነው፤ ሰው ጊዜ ይሰጠው ባይ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ያንን አልተቀበለም። «አባባ፣ እርስዎም ያን ያህል መጠበቅ አልነበረብዎትም እኮ» አለ። እኔ ከሰማኋቸው የኳስ ክርክሮች ሁሉ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ያረፈ ሌላ አላስታውስም። ትልልቆቹ ትዕግሥትን የሚያዩት እንደ ጨዋነት ነው፤ ትንንሾቹ ደግሞ ትልልቆቹ ታግሰው ያተረፉትን ቆጥረዋል። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡናውን ይዤ መሐል ተቀምጫለሁ፤ ሐሳቤ ወደ ልጁ ያደላል፣ ልቤ ግን ወደ አባባ።

ለአሞሪም ያለኝ ርኅራኄ የመጣው ከውጤቱ አይደለም። ኦገስት 2025 ላይ ዩናይትድ በአራተኛው እርከን ለሚጫወተው ግሪምስቢ በካራባኦ ዋንጫ ተሸንፎ ወጥቷል፤ ሁለት ለሁለት ካለቁ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ11። ዝናብ ነበር። ካሜራው ሰውዬውን ሲያሳይ፣ ጣራው ሥር ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ አንዲት ትንሽ የታክቲክ ሰሌዳ ይዞ፣ ክብ ክብ ማግኔቶቹን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያንቀሳቅሳል። አንዷን ወደ ግራ፣ አንዷን ትንሽ ወደ ኋላ። ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች አልታዘዝ ሲሉት ማግኔቶቹ ይታዘዙት ነበር። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔ ያየሁት ግን ከቢሮ አለቆቼ ብዙዎቹን ነው።

አሞሪም የተባረረበት ጃንዋሪ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ቼልሲ ከኤንዞ ማሬስካ ጋር የተለያየው በአዲስ ዓመት ዕለት ነው፤ የክለቦች ዓለም ዋንጫን ካነሳለት ገና ስድስት ወሩ። ሪያል ማድሪድ ዣቢ አሎንሶን ጃንዋሪ 12 ሸኘ፣ ይኸውም ሰኞ። በአሥራ ሁለት ቀን ሦስት ትልልቅ ወንበሮች። ዋንጫም ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። አንጄ ፖስቴኮግሉ በሜይ 2025 ለቶተንሃም ከ17 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ፤ በአሥራ ስድስተኛው ቀን አሰናበቱት። ኖቲንግሃም ፎረስት ወሰደው፤ እዚያ የቆየው 39 ቀን ነው። አርባውን እንኳ አላወጣም።

እዚህ አገር ይህን ወሬ ሲያወራ የአቭራም ግራንትን ስም የማያነሳ የለም። የፔታህ ቲክቫ ልጅ ነው። በሴፕቴምበር 2007 ሞሪኒዮ ሲሄድ ቼልሲን ተረከበ። የስታምፎርድ ብሪጅ ደጋፊ አንድም ቀን ከልቡ አልተቀበለውም፤ ሞሪኒዮን የመሰለ ባለ ግርማ ሰው ከሄደ በኋላ ትከሻው ጎበጥ፣ ፊቱ ኮስተር ያለ ሰው መጣባቸው። ሊጉን በሁለት ነጥብ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ኤፕሪል 30 ቀን 2008 ሊቨርፑልን አሸንፎ ክለቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲያደርስ፣ ክንዱ ላይ ጥቁር አስሮ ሜዳው ላይ ተንበረከከ፤ ያ ምሽት እዚህ የሆሎኮስት መታሰቢያ የሚገባበት ነበር፣ አባቱም ከዚያ እልቂት የተረፉ ሰው ናቸው። ከዚያ ሞስኮ። በዝናብ የራሰ ሜዳ፣ ፍጹም ቅጣት ምት። ጆን ቴሪ አምስተኛውን ቢያገባ ዋንጫው የቼልሲ ነበር። እግሩ ተንሸራተተ፣ ኳሷ ብረቱን መታች፣ ዩናይትድ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ግራንት ተባረረ። የአንድ አምበል እግር አንድ ስንዝር ባይሸሽ ዛሬ ሐውልት ይቆምለት ነበር ባይ ነኝ፤ የአርሴናሉ ልጅ ግን «ሐውልትም ቢያቆሙለት በዓመቱ ያነሱት ነበር» ብሎ አስቆኛል።

የእኛውስ? አባባ ባያውቁትም እኔ ሰውነት ቢሻውን አነሳሁ። ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ አሸንፎ አገር ያስለቀሰ ሰው ነው። በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ሲቀነስ እንኳ ቡድኑ ተመልሶ ለመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ደረሰ፤ ናይጄሪያ ዘጋችው። ከዚያ በ2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ ተሸንፎ ተመለሰ፤ ተሰናበተ። እኔ የማልረሳው ከመባረሩ በኋላ ያለውን ነው። በየካፌው «ይሄ ሽማግሌ አይበቃውም?» ሲሉ የነበሩት፣ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጥቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲሸኝ «ሰውነት ይሻል ነበር» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው። አሰልጣኝ መከበር ከፈለገ መጀመሪያ መባረር አለበት። የማንቼው ልጅም ያን ማታ ከመተኛቱ በፊት «ሶልሻየር ይመለስ» እያለ ነበር፤ ሶልሻየርን በ2021 ሲያባርሩት የጨፈረው ሌላ ሰው ይመስል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ጫጫታ አሳንሰር ውስጥ ይቆማል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ ጥቃት በኋላ የኒር ኦዝ ኪቡትስ ሰዎች ወደ ካርሜ ጋት መጥተው አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ሰፍረዋል፤ ከመንደራቸው ከአራት ሰው አንዱ የተገደለበት ወይም የታገተበት ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከቤት ሲወጡ አብሬያቸው ወረድኩ። «ተጠያቂው አሰልጣኙ ነው ወይስ ባለቤቶቹ?» እያሉ እየተጯጯሁ ገቡ። መሐል ላይ በሩ ተከፈተና የታጋቾቹን ቢጫ ሪባን ደረቷ ላይ የሰካች ሴትዮ ገባች። «ተጠያቂው» የሚለው ቃል አየር ላይ ቀረ። እስከ ምድር ቤት ድረስ ሁላችንም የፎቁን ቁጥር አየን። ስትወጣ «ማን ተሸነፈ?» ብላ በፈገግታ ጠየቀች፤ ልጁ «ማንቸስተር፣ ግን አልተሸነፉም፣ እኩል ነው» አላት፣ ለፍርድ ቤት እንደሚመሰክር ተጠንቅቆ።

ውጪ ዝናቡ አቁሟል። የአርሴናሉ ልጅ ሲጋራ ለኮሰና ሳልጠይቀው አንድ ነገር ነገረኝ። በሰው ኃይል አቅራቢ በኩል ተቀጥሮ ማሸጊያ ክፍል ይሠራ ነበር፤ አንድ ሐሙስ ማታ በስልኩ መልእክት መጣ፤ «ከእሁድ ጀምሮ አትምጣ።» ምክንያት የለውም፣ ምስጋናም የለውም። «አሞሪምን ቢያንስ አመስግነውታል» አለ። ማታውን ሙሉ ስለ ትዕግሥት የተከራከረው ለአርቴታ ብሎ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጓደኛው ግን ያን አልሰማም፤ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ጊዜያዊው አሰልጣኝ ዳረን ፍሌቸር ረቡዕ ማንን እንደሚያሰልፍ ይገምታል። ተከላካዮቹ አራት ሆነዋል፤ በዚያ ብቻ ፊቱ በርቷል።

የማንቼው ልጅ እህት በዚህ መሐል ከልምምድ ተመለሰች፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ቦርሳዋ በአንድ ትከሻ። ኪርያት ጋት የእስራኤል ሻምፒዮን የሆነ፣ በአውሮፓ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የተጫወተ የሴቶች ቡድን አላት፤ እሷ ገና ከታዳጊዎች ጋር ናት፣ ዓይኗ ግን እዚያ ነው። ክርክሩን ትንሽ አዳመጠችና «እሺ፣ የእኛ ከተማ ቡድን አሰልጣኝ ማን ነው?» አለች። ወንድሟ ወደ ጓደኛው አየ፣ ጓደኛው ወደ እኔ፣ እኔ ወደ መኪና ማቆሚያው። ከዚያ ወንድሟ ስልኩን ዝቅ አድርጎ፣ በእውነት ደንግጦ፣

«ምነው፣ ተባረረ እንዴ?» አላት።